መልስ የማይወጣቸው መምህር ራውሰን

ጠበቃ ሲጠየቅ ዙሪያውን ይሄዳል፤ መልሱ ጣጣ ያመጣበታልና። ሐኪምም ዙሪያውን ይሄዳል፤ መልሱን ገና አላወቀውምና። መልሱን በጉያው ይዞ፣ ቢገድሉት የማይናገር ግን በምድር ላይ አንድ ፍጡር ብቻ ነው። እሱም ከባሕር ማዶ ለመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንግሊዝኛ የሚያስተምር መምህር ነው።

እናንተም ታውቁታላችሁ። በከተማችሁ ዩኒቨርሲቲ ካለ በሰፈራችሁ አንድ አይጠፋም። የሸሚዙ እጅጌ ላይ የማርከር ቀለም አለ፤ ታጥቦ አይለቅም። ቦርሳው በወረቀት ቁርጥራጭ ተወጥሯል። ሲናገር ቃሉን አንድ በአንድ፣ እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ በአፉ ብቻ ሳይሆን በእጁና በቅንድቡም ይናገራል። ሚስት ካለችው ለሚስቱም እንደዚያው ነው ይባላል። ለእኛ መንገድ የደረሱን ክቡር መምህር ክሌመንት ራውሰን ግን ሚስት አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ያ ሁሉ ጥያቄ በጎረቤት ላይ ወደቀ። ጎረቤቷ እኔ ነኝ።

እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ሸፊልድ፣ ቤቶቻችን ዳገቱን ይዘው ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፈው የቆሙ ናቸው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይማርህ ይላል። መምህሩ ዕቃቸውን ይዘው የገቡ ዕለት አንዲት ድመት ጣሪያዬ ላይ ወጥታ ታለቅሳለች። እኔም በአጥሩ ላይ አንገቴን አስግጌ፣

"ጌታዬ፣ ይቺ ድመት የእርስዎ ናት?" አልኳቸው።

"እርስዎ ምን ይመስልዎታል?"

ከዚያ ዝም። ፈገግ ብለው፣ ቅንድባቸውን ሰቅለው፣ ራሳቸውን በቀስታ እየነቀነቁ ይጠብቃሉ። እኔ ደግሞ ዝምታ አልችልም። በአሥራ አምስት ዓመቴ ትምህርቴን ትቼ ሹካና ማንኪያ የምናወለውልበት ፋብሪካ ነው የገባሁት፤ እዚያ ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል፣ እኛም በላዩ እንጮሃለን። ዝም የሚል ሰው አላውቅም ነበር።

"እንግዲህ... ትመስለኛለች። ዛሬ ሌላ የገባ ሰው የለም" አልኩ።

"በጣም ጥሩ!" አሉ፣ እጃቸውን አጨብጭበው። "ሌላስ?"

ቤት ስገባ ባሌ ዴኒስ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከጋዜጣው ላይ ቀና ብሎ "ምን ዓይነት ሰው ነው?" አለኝ።

"አስተማሪ ነው መሰለኝ። ድመቷ የእሱ መሆኗን እኔን አስጠንቶኝ ገባ።"

እንዲህ ተጀመረ። ዝናብ ይጥላል ወይ ብትያቸው "ሰማዩን ሲያዩት ምን ያነባሉ?" ይሉሻል። የስንት ሰዓቱ አውቶቡስ አለፈ ብትያቸው "የትኛው ያለፈ ይመስልዎታል፣ ለምንስ?" አውቶቡሱ ራሱ በዚህ መሐል ያልፋል። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና፣ "ሚስተር ራውሰን፣ መናገር ያስከፍልዎታል እንዴ?" ብዬ ጮህኩባቸው። አልተቆጡም።

"ወይዘሮ ሳግደን፣" አሉኝ፣ "መልሱን እኔ ከነገርኩት መልሱ የእኔ እንደሆነ ይቀራል። ተውሶ ይዞት ይሄድና ደጅ ሲደርስ ይጥለዋል። ራሱ ቆፍሮ ካወጣው ግን ማንም አይቀማውም። ስለዚህ እጠይቃለሁ፤ ጠይቄም በልቤ እስከ አሥር እቆጥራለሁ። ሰው ዝምታን አይችልም፤ ስምንት ላይ አንድ ነገር ይወጣዋል።"

ሥጋ ሻጩ ቪክ ግን ስምንት አይደርስም፤ ሦስት ላይ ነው የሚፈነዳው። ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰልፈን ሳለ፣

"ሚስተር ራውሰን፣ ምን ያህል ልቁረጥልዎ?"

"ለአንድ ብቸኛ ሰው፣ ከእሑድ እስከ ሰኞ እንዲያደርሰው፣ አንተ ምን ያህል ትመክራለህ? ለምንስ?"

"ጌታዬ፣ ከኋላዎ አሥራ አንድ ሰው አለ። እርስዎ 'ለምን' ሲሉኝ እኔ በገዛ ሱቄ ፈተና የወደቅሁ ይመስለኛል።"

"አትቸኩል። ጊዜ አለህ።"

"ግማሽ ኪሎ በለውና ገላግለን እባክህ!" ትላለች ከኋላ አንዷ።

እሳቸውም ፊታቸው በርቶ ወደ እሷ ይዞራሉ፤ "ግማሽ ኪሎ! ጥሩ ነው። ምክንያትሽስ?"

በአካላቸውም ቢሆን ሥራ አይፈቱም። ስለ ትናንት ሲያወሩ አውራ ጣታቸውን በትከሻቸው ላይ ወደ ኋላ ይወረውራሉ፤ ያለፈ ነገር መሆኑን ተማሪው በዓይኑ እንዲያይ ነው አሉ። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ስለ ልጅነታቸው ሲያጫውቱኝ ከኋላ የተቀመጡትን ሴትዮ ባርኔጣ ሁለት ጊዜ ጣሉት። ሴትዮዋ በሦስተኛው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ "ጌታው፣ ልጅነትዎ እዚህ ላይ ይብቃው" አሏቸው።

የዝንጅብል ኬኩስ ነገር? እሳቸው የሚጋግሩት የዝንጅብል ኬክ በመንገዱ የታወቀ ነው። አሠራሩን ይስጡኝ ብዬ ለመንኳቸው። በማግስቱ በፖስታ አሽገው አመጡልኝ። ብከፍተው አሥራ አራት የወረቀት ቁርጥራጭ! አንዱ "ምድጃ ውስጥ ይግባ" ይላል፣ አንዱ "ዱቄቱን ከዝንጅብሉ ጋር"፣ አንዱ "ቀዝቀዝ ሲል"።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"በቅደም ተከተል ያስቀምጡት። ከዚያ ይነጋገሩበት።"

"ከማን ጋር?"

"ቤትዎ ውስጥ ማን አለ?"

እኔና ዴኒስ ጠረጴዛው ላይ በትነን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተጨቃጨቅንበት። እሱ ዱቄት ይቅደም ይላል፣ እኔ የስኳር ሽሮፑ። በመጨረሻ ኬኩ ምድጃ ከገባ በኋላ እንቁላሉ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ተገኘ። ዴኒስ በልቶት፣ "ጥርስ ላለው ሰው ይሆናል" አለ። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ከተጋባን በሃያ ዓመታችን ያን ያህል ጊዜ ፊት ለፊት ተቀምጠን አውርተን አናውቅም ነበር። እሱ ፋብሪካ፣ እኔ ፋብሪካ፤ ማታ ራት፣ ከዚያ እንቅልፍ። ያን ከሰዓት በኋላ ሳስበው አሁንም ዱቄቱ ይሸተኛል።

ዴኒስ የሞተው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። ሐዘንም ቢሆን ከመምህሩ አልተረፈም። ከቀብር መልስ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሻይና ሳንድዊች ይቀርባል፤ ልማዳችን ነው። ሰው ሁሉ ግድግዳውን ተደግፎ ሳንድዊቹን እንደ ዕዳ ያኝካል። የሲኒ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። እኔ መሐል ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፤ እንዳላለቅስ የጣሪያውን ሳንቃ እቆጥራለሁ። በዚህ መሐል ሁለት ጊዜ ተጨበጨበ።

"ሁላችሁም!" አሉ መምህር ራውሰን። "እያንዳንዳችሁ ከማታውቁት ሰው ፊት ቁሙ። ዴኒስ ያሳቃችሁበትን አንድ ነገር ንገሩት። ሦስት ደቂቃ አላችሁ። ከዚያ ሰው ትቀይራላችሁ።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የዴኒስ አጎት ልጅ ፊቱ ቀላ። ግን መምህሩ ቅንድባቸውን ሰቅለው ይጠብቃሉ፤ ያ ቅንድብ ሲጠብቅ እምቢ የሚል ሰው አላየሁም። ቄሱ ራሳቸው አንድ ሰው ፍለጋ ተነሡ። መጀመሪያ ማንሾካሾክ፣ ቀጥሎ አንድ ሰው ፕፍፍ አለ፣ አራተኛው ደቂቃ ላይ አዳራሹ ሠርግ ቤት መሰለ። ለእኔ የደረሰኝ አንድ የማላውቀው የአውቶቡስ ሾፌር ነበር።

"እመቤቴ፣ ዴኒስ ዝይ ይፈራ እንደነበረ ያውቃሉ?"

"ምን?"

"ዝይ። በመናፈሻው ሐይቅ በኩል አያልፍም ነበር። ዙሪያውን ይሄዳል፣ ኪሎሜትር ሙሉ።"

እኔን ለጤናዬ ነው የምዞረው ይለኝ ነበር! ባሌን በቀበርኩበት ቀን እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። የመጣው ሐዘንተኛ ሁሉ ዴኒስን ከእኔ ቆርሶ የወሰደ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሁሉም የያዘውን ቁራሽ ሊመልስልኝ ነው የመጣው። ይህን ለመምህሩ ነግሬያቸው አላውቅም። አንዳንድ ነገር ጎረቤት ለጎረቤት አይባልም።

ይኸው ደግሞ ከነገሬ ወጣሁ። ሥራቸውን ልንገራችሁ።

በየበጋው፣ ትምህርት ሳይጀመር፣ አሥር ሳምንት የሚቆይ ኮርስ አለ። ኬሚስቱ፣ መሐንዲሱ፣ ነርሷ፣ በአገራቸው አንቱ የተባሉ ሰዎች፣ እዚህ ሲደርሱ ዳቦ መግዛት ያፍራሉ። እሳቸው ደግሞ ክፍል ውስጥ አያስቀምጧቸውም፤ ሁለት ሁለት እያደረጉ ወረቀትና እስክሪብቶ አስይዘው ወደ ሰው ደጅ ይሰዷቸዋል። ሂዱና የአገሩን ሰው አስተያየት ጠይቁ! የአገሩ ሰው እኔ ነኝ፤ ቤቴ ቅርብ ነዋ። በየነሐሴው በሬ ይንኳኳል። ብከፍት ሁለት ሰው፣ አንዱ ከቬትናም አንዱ ከቺሊ፣ ላብ በላብ ሆነው፣

"ይቅርታ እመቤት፣ ስለ ቆሻሻ ገንዳዎ ያለዎት አስተያየት ምንድን ነው?"

የመጀመሪያ ጊዜ በሩን ልዘጋባቸው ነበር። ቀጥሎ ግን አሰብኩት። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ስለምንም ነገር አስተያየቴን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ፋብሪካው አልጠየቀኝም፤ አባቴ አልጠየቀኝም፤ ዴኒስም ቢሆን የሚጠይቀኝ ካልሲው የት እንዳለ ነው። አስገባኋቸውና ሻይ አፈላሁላቸው። ስለ ቆሻሻ ገንዳዬ አርባ ደቂቃ ተናገርኩ! ይህን ያህል ሐሳብ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስለ አውቶቡስ፣ ስለ ንጉሣውያን ቤተሰብ፣ ስለ ድንች፣ ስለ ጋብቻ፣ ከሞት በኋላ ስላለው ሕይወት ተጠይቄአለሁ። አሥር ጠቅላይ ሚኒስትር የእኔን ያህል አልተጠየቀም። እነዚያ ልጆች ዛሬ ግድብ ይሠራሉ፣ ሆስፒታል ያስተዳድራሉ፤ የላኩላቸው ፖስት ካርድ የመምህሩን የሳሎን ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ ሸፍኖት ነበር።

ታዲያ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ በሚያዝያ፣ ጡረታቸው ተቃርቦ ሳለ፣ ከእሳቸው በር ላይ "የሚሸጥ ቤት" የሚል ሰሌዳ ተተክሎ አየሁ።

"ቤቱን ሊሸጡት ነው እንዴ?"

"ምን ይመስልዎታል?"

"ሰሌዳው ሊሸጡት ነው ይላል።"

"ጥሩ። ሰሌዳው ይላል። እርስዎስ?"

"እኔማ ምን አገባኝ!" ብዬ በሬን ዘጋሁ። ማድቤት ገብቼ ድንች ልልጥ ተቀመጥኩ፤ ሲያልቅ ባየው ድንቹን ጥዬ ልጣጩን ድስት ውስጥ ጨምሬዋለሁ።

ወሬው ወዲያው ደረሰኝ። ኮርንዎል፣ ባሕሩ ዳር፣ ሚሊሰንት የሚሏት እኅት አለቻቸው፤ ብቻህን ምን ታደርጋለህ፣ መጥተህ ከእኔ ጋር ኑር ብላቸዋለች። ከእኛ አገር እዚያ ለመድረስ ቀን ሙሉ መንዳት ነው። ሰው ኮርንዎል ከሄደ የገና ካርድ ይልካል እንጂ አይመለስም።

ያን ጊዜ ከላይ ባለው ክፍሌ ዣናር የምትባል የካዛኪስታን ልጅ ተከራይታ ትኖር ነበር። ስለ ብረት ዝገት ለዶክትሬት ታጠናለች። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብላ ስትመጣ አንድ ቃል ከአፏ አይወጣም ነበር፤ መምህር ራውሰን አሥር ሳምንት ይዘዋት ከወጡ በኋላ ግን ዝም የሚያሰኛት ጠፋ። ማዕዴ ላይ የሚሆነውን ሁሉ የምታየው እሷ ናት። መምህሩ በግንቦት ማክሰኞ ማክሰኞ ሾርባ ሊጠጡ መምጣት ጀመሩ። ጥያቄም ይዘው ነው የሚመጡት።

"ወይዘሮ ኦድሪ፣" አሉ የመጀመሪያው ማክሰኞ፤ ሳግደን ማለቱን ትተው ነበር። "አንድ ሰው ሁለት ወንበር አለው እንበል። አንዱ ሁልጊዜ ባዶ ነው። ይህ ሰው ምን ማድረግ ያለበት ይመስልዎታል?"

"ለበጎ አድራጎት ሱቅ ይስጠው።"

"በጣም ጥሩ። ሌላስ?"

"ወይም ፈልጦ ያንድደው።"

ዣናር ሾርባዋ ትን አላት።

በሁለተኛው ማክሰኞ፣ "ሁለት ቤት አለ፤ መሐላቸው አንድ ግድግዳ። በዚህም በዚያም አንዳንድ ሰው። በዚህም በዚያም አንዳንድ ማንቆርቆሪያ ሻይ ይፈላል። ምን ይታዝባሉ?"

"ግድግዳው ቀጭን መሆኑን። ትናንት ማታ ሲያስሉ ነበር፤ ሐኪም ይዩ።"

በሦስተኛው ማክሰኞ ካርድ ይዘው መጡ። አዎ፣ ክፍል ውስጥ ለተማሪ የሚሰጡትን፣ በላስቲክ የታሸገ የሥዕል ካርድ! በእጃቸው የሣሉትን አምስት ካርድ የሾርባ ሳህኔን ገፋ አድርገው ደረደሩልኝ። አንድ ሽማግሌ። አንዲት አሮጊት። የአጥር በር። የሻይ ማንቆርቆሪያ። ባዶ ቤት።

"በቅደም ተከተል አስቀምጠው ታሪኩን ይንገሩኝ።"

እንግዲህ ልንገራችሁ፤ እኔ ትምህርት የለኝም እንጂ ዕውር አይደለሁም። ነገሩ የገባኝ በወንበሩ ጊዜ ነው። ይህ ሰው፣ ይህ ለሠላሳ ስምንት ዓመት መልስ ተናግሮ የማያውቅ ሰው፣ አግቢኝ የሚለውን ቃል እኔ ቆፍሬ እንዳወጣለት ይፈልጋል። የተማሪው መሐንዲስ ዳቦ መግዣውን ቃል እንዳወጣው ማለት ነው። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ። ሴት ልጅ ተጠይቃ ትመልሳለች እንጂ የራሷን ጥያቄ አርግዛ አትወልድም አልኩ በልቤ። ካርዶቹን ሰበሰብኩና ደረደርኳቸው።

"አሮጊቷ ቤቷን ሸጣ ሄደች። ቤቱ ባዶ ሆነ። ሽማግሌው በአጥሩ በር ገብቶ ቤቱን ገዛው። ሻይ አፈላ። አለቀ።"

መምህሩ የሽማግሌውን ካርድ በጣታቸው አቃኑ።

"ደስ... ደስ የሚል አተራረክ ነው" አሉ፤ ሰብስበው ኪሳቸው ከተቱና ሾርባቸውን ሳይጨርሱ ሄዱ።

በሩ ሲዘጋ ዣናር ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"እማማ፣ አውቀሽ ነው?"

"አውቄ ነው።"

"ታዲያ ለምን አትመልሺላቸውም?"

"ምን ጠየቁኝና?"

"ዴኒስ እንዴት ነበር የጠየቀሽ?"

"አውቶቡስ ፌርማታ ላይ። 'ኦድሪ፣ ዝናቡ ሳይብስ እንጋባ' አለኝ። በቃ። ወንድ እንዲህ ነው የሚጠይቀው።"

"እሳቸው አይናገሩም፣ አንቺ አትናገሪም። እኔ አስተማሪ ብሆን ሁለታችሁንም ነበር የምጥላችሁ!" አለች። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እማማ፣ ቤቱ ተሸጧል እኮ። የጭነት መኪናው በሰኔ፣ ዩኒቨርሲቲው በተዘጋ በሳምንቱ ዓርብ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ግትርነትሽን ለማን ታሳዪዋለሽ?"

ማክሰኞ መጣ፤ እሳቸው አልመጡም። ቀጣዩም ማክሰኞ መጣ፤ አልመጡም። ሾርባ ለሦስት እየሠራሁ ለሁለት እናቀርባለን። ግድግዳው ላይ ጆሮዬን ባደርግ የማሸጊያ ቴፕ ክርርር ሲል ነው የሚሰማኝ። ክርርር፣ ጸጥ፤ ክርርር፣ ጸጥ። በሰባ ሁለት ዓመቴ፣ ማድቤቴ ቆሜ፣ በቴፕ ድምፅ አለቀስኩ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ መኪናው ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሽርጤን ሳልፈታ ሄድኩ። በሩ ክፍት ነው። ቤቱ ሣጥን በሣጥን ሆኗል። እሳቸው መሰላል ላይ ወጥተው ፖስት ካርዶቹን ከግድግዳው አንድ በአንድ ይነቅላሉ።

"ሚስተር ራውሰን፣ ይውረዱ።"

ወረዱ።

"ያን ካርድ አውቄ ነው ያበላሸሁት።"

"አውቃለሁ።"

"ያውቃሉ?"

"ወይዘሮ ኦድሪ፣ ይህን ያህል ዘመን አስተምሬ፣ እያወቀ የሚሳሳት ተማሪ ከጀርባው እንኳ ይታወቀኛል።"

"ታዲያ ካወቁ ለምን ቁርጡን አልተናገሩም? ወንድ አይደሉም?"

"ለምን ይመስል..." ብለው ጀመሩና ተዉት። መነጽራቸውን አወለቁ። ያለ መነጽር ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ዓይናቸው የደከመ የልጅ ዓይን ነው።

"ብናገር እሺ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ" አሉ።

"እምቢ እንዳይባል ነው ሰው የሚፈራው!"

"የእኔ ፍርሃት ሌላ ነው። እርስዎ ደግ ጎረቤት ነዎት። ምስኪን፣ ብቻውን ነው፣ ሩቅ ሊሄድ ነው ብለው ያዝኑልኛል። አዝነው እሺ ይላሉ። ያ እሺታ እኔ አፍዎ ላይ ያስቀመጥኩት ነው የሚሆነው። ከእንዲህ ያለው እሺታ ኮርንዎል ይሻለኛል።"

አንድ ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ። ከግድግዳው ግማሹ ባዶ ሆኗል፤ ካርድ የነበረበት ቦታ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ነጣ ብሎ ቀርቷል። አሁን ሲያዩኝ ግን ቅንድባቸው አልተሰቀለም፤ የሚጠብቁትም ነገር ያለ አይመስሉም። ለካ ሰውየው ሲጠብቁ ነው የለመድኳቸው፤ መጠበቃቸውን ሲተዉ ማየት አልቻልኩም።

"ክሌመንት፣" አልኩ፤ በስማቸው ጠርቻቸው አላውቅም ነበር። "እኔ ለአንተ አላዝንም። ሥጋ ቤት ሰልፍ የሚያስቆም ሰው አይታዘንለትም። ግን ከግድግዳው ማዶ ስታስል ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ጋዜጣ ሳነብ አንድ ነገር ሲያናድደኝ ለማን እንደምነግረው ነው መጀመሪያ የማስበው፤ የምነግረው ደግሞ ለአንተ ነው። ሚሊሰንት ባሕር አላት፤ ባሕሩ ይበቃታል። አዝኜ እሺ ልልህ አልመጣሁም። የመጣሁት ልጠይቅህ ነው። ታገባኛለህ?"

ቅንድባቸው ብድግ ሲል አየሁት። አፋቸው ተከፈተ። ጌታዬ፣ አሁን "አንቺ ምን ይመስልሻል" ካለኝ በዚህ ሣጥን ነው ራሱን የምለው አልኩ በልቤ።

"አዎ" አሉ።

"መቼ?"

"ነገ።"

ከእሳቸው አፍ በሠላሳ አንድ ዓመት የሰማኋቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት የአንድ ቃል መልሶች እነዚህ ናቸው። ሁለቱም ተከታትለው ሲወጡ ራሳቸው ደንግጠው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ዓርብ ጠዋት የጭነት መኪናው መጣ። ሾፌሩ ወረቀቱን አገላብጦ፣ "ኮርንዎል ነው አይደል? ረጅም መንገድ ነው፤ ቶሎ እንጫን" አለ። ክሌመንት በጣቱ የእኔን በር አሳየው። ሾፌሩ በሩን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ እኔን በሽርጤ አየ።

"አያቴ፣ ይኼ እኮ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው።"

"የእኔ ልጅ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ነው የፈጀብን" አልኩት። "ቀስ አድርገህ ያዝ፤ መጻሕፍት ናቸው።"

የጋብቻ መዝገብ ቤት ስንሄድ ነገ የሚባል ነገር የለም ተባልን። ሕጉ፣ ዕድሜው ምንም ይሁን ምን፣ ማስታወቂያው ተለጥፎ ሃያ ስምንት ቀን ይጠበቃል ይላል። ጠበቅን። ሃያ ስምንቱንም ቀን ሣጥን ስንፈታ አሳለፍነው። ዛሬም ከደረጃው ሥር ያልተፈቱ አራት ሣጥኖች አሉን፤ አንቸኩልም።